ሰበካችን የት ይሆናል?

(ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለአድባራት አስተዳዳሪዎች በተዘጋጀ የምክክር ቀን የቀረበ ንግግር። ለኅትመት እንዲመች በመጠኑ ታርሟል።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

የዛሬው ርእሴ የኪራይ ቤት ነው። ከመካከላችሁ «ይህ የከተማ አስተዳደር ጉዳይ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው አስብ ነበርና። የኮሚሽናችን ሥራ ከተመሠረተበት ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የተራበውን ማብላት፣ የተጠማውን ማጠጣት፣ ስደተኛውን መቀበል ነው። በአገልግሎት ዘመኔ የውኃ ጉድጓድ፣ የችግኝ ጣቢያና የእህል ዘር ፕሮጀክት ጽፌአለሁ። ስለ ኪራይ ቤት ግን የጻፍሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እርሱንም የጻፍሁት ተከራዮችን ለማስወጣት ነበር። ከዚያ ታሪክ ልጀምር።

በስምጥ ሸለቆ መስመር ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ የአበባ እርሻዎች በብዛት በሚገኙበት አካባቢ፣ አንድ ደብር አለ። ከዓመታት በፊት አንዲት ምእመን ሲያርፉ ከአጥሩ ጎን ያለውን ይዞታቸውን በኑዛዜ ለደብሩ ሰጡ። በይዞታው ላይ በሁለት ረድፍ የተሠሩ 14 የጭቃ ክፍሎች ነበሩ። ኪራዩ ዝቅተኛ ነበር፤ ክፍሎቹም አርጅተዋል፤ ምርጊቱ ተራግፏል፤ ቆርቆሮው ያፈስሳል፤ መጸዳጃው ለሁሉም አንድ ነው። የሰበካ ጉባኤው ገቢ ቢያንስበት «ቦታው መንገድ ዳር ነው፤ ክፍሎቹን አፍርሰን ሱቅ እንሥራበት» ሲል ወሰነና የፕሮጀክት ሰነዱን እንድጽፍ ጠየቀኝ። ጻፍሁት። ሰነዱ ያማረ ነበር፤ የደብሩን የኪራይ ገቢ በብዙ እጥፍ እንደሚያሳድግ፣ የካህናቱ ደመወዝ በወቅቱ እንደሚከፈል፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንደሚጠናቀቅ በቁጥር ያስረዳል። ተከራዮቹ ያሉት በአንድ መስመር ላይ ብቻ ነበር፤ «ነባር ተከራዮች በሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይለቃሉ» ይላል።

ለሰነዱ አባሪ እንዲሆን የተከራዮችን ዝርዝር ለመያዝ ደብተሬን ይዤ ከክፍል ክፍል ዞርሁ። በአብዛኞቹ ክፍሎች ያገኘሁት በአበባ እርሻ የሚሠሩ ሴቶችን ነው፤ በአንዳንዱ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው በደባልነት የሚኖሩ፣ በሌላው ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር። ከእነርሱ አንዲቱ የሁለት ልጆች እናት ናት። እርሷ አበባ ትለቅማለች፤ ባሏ በግንባታ የቀን ሥራ ይሠራል። ስሟን፣ የቤተሰቧን ቁጥር፣ የምትከፍለውን ኪራይ ጠይቄ ጻፍሁ። ልወጣ ስል እንዲህ አለችኝ፦

«ዲያቆን፣ ከዚህ ስንወጣ ሰበካችን የት ይሆናል?»

ጥያቄዋን በመጀመሪያ አልተረዳሁትም። «የምትሄዱበት ደብር ይመዘግባችኋል» ብዬ መለስሁላት። እርሷም ከዚህ በፊት በአምስት ዓመት ውስጥ ሰባት ቤት እንደ ቀየረች ነገረችኝ። በየሄደችበት ኪራይ ሲጨመር ትወጣለች። የሰበካ አባልነት መዋጮ ከፍላ ሳትጨርስ ትለቃለች፤ ዕድር ገብታ መብቷ ሳይጸና ትለቃለች፤ የንስሐ አባት ይዛ ሳይለምዷት ትለቃለች። የመጀመሪያ ልጇ ክርስትና የተነሣበትን ደብር ከለቀቀች ወዲህ የክርስትና እናቱን አላገኘቻትም። «እዚህ ሁለት ዓመት ሞላን፤ አባ ስማችንን ያውቃሉ» አለችኝ።

አባቶቼ፣ ዲፕሎማ ያገኘሁበት ነገረ መለኮት ያላስተማረኝን እርሷ በአንድ ጥያቄ አስተማረችኝ። እኛ ስለ ክፍሎቹ ስናስብ የምናስበው ስለ ንብረት ነበር፤ እርሷ የጠየቀችኝ ስለ መንጋው ነው። ሰበካ ማለት በአንድ አጥቢያ የሚኖር ምእመን ነው። አጥቢያ ደግሞ ያለ መኖሪያ አይቆምም። በየስድስት ወሩ የሚፈናቀል ምእመን በስታቲስቲክሳችን ውስጥ ይቆጠር ይሆናል፤ በእረኛው ልብ ውስጥ ግን ስሙ ሳይጻፍ ያልፋል።

አሁን ከዚያች ግቢ ወጥተን ነገሩን ሰፋ አድርገን እንመልከተው።

አገራችን በአበባ ወደ ውጭ መላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠቀስ ሆናለች። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ፣ በቢሾፍቱ፣ በሆለታ፣ በሰበታ አካባቢ ያሉት እርሻዎች ብዙ ሺሕ ወጣቶችን ይቀጥራሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከገጠር፣ ከወላጆቻቸው ቤት በቀጥታ የመጡ ናቸው። እርሻው ሥራ ይሰጣል፤ ቤቱን ግን ሠራተኛው ከከተማው ይፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ወለሉ ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ደመወዙ ባለበት ሲቆም ኪራዩ ይሄዳል። ሁለቱ ሲራራቁ ሠራተኛዋ ያላት ምርጫ ሦስት ነው፤ በአንድ ክፍል ብዙ ሆኖ መደበል፣ ከሥራው እየራቁ መሄድ፣ ወይም ከሚበላው ቀንሶ መክፈል። ሦስቱንም በየሰበካችን እናያቸዋለን።

የወቅት ሠራተኛው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በየክረምቱና በየመኸሩ ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋና ከወሎ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። ከእነርሱም መካከል ዲያቆናትና የአብነት ተማሪዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ለመጽሐፍና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ይወርዳሉ። ማደሪያቸው በእርሻው ዳር የተጣለ ዳስ ወይም የግራር ጥላ ነው። ካላ አዛር የሚባለውን ገዳይ በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት የምታገኛቸው በዚያ ሜዳ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም፣ በሽታው በማይታወቅበት ደጋማ አገር፣ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል። የጤና ባለሙያዎች በሽታው ወደዚያ የደረሰው ከቆላ እርሻ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ማደሪያ ማጣት ከምቾት ማጣት በላይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በአንድ ሰው መኝታ ላይ የቀለለው ነገር በሌላ ወረዳ ቀብር ሆኖ ተመዘነ።

ቤተ ክርስቲያናችን ስለዚህ ነገር ምን ትላለች? ብዙ ትላለች፤ እኔ ሦስት ነገር ብቻ ላንሣ።

አንደኛ፣ መጽሐፈ ሩትን አስቡ። ሩት ባሏ የሞተባት፣ ከባዕድ አገር የመጣች፣ በገብስ አጨዳ መጀመሪያ ወደ ቤተ ልሔም የደረሰች የእርሻ ሠራተኛ ናት። ቦዔዝ በእርሻው ላይ ክፉ እንዳይነካት አዘዘ፤ ቃርሚያውንም አበዛላት። ነገር ግን አጨዳው ሲያልቅ አማቷ ኑኃሚን በእህሉ ብቻ አልረካችም። ለምራቷ የምታርፍበትን ቤት መፈለግ እንዳለባት በምዕራፍ 3 መጀመሪያ እናነባለን። የአጨዳ ወቅት ያልፋል፤ ማረፊያ የማግኘት ጥያቄ ግን አጨዳው ካለፈም በኋላ ይቀራል። ከዚህች ቤት አግኝታ ካረፈች ሠራተኛ የዳዊት ዘር፣ ከዳዊትም ዘር ጌታችን መጣ።

ሁለተኛ፣ ቅዳሴውን የምንቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በከተማው ዳር ለእንግዶች፣ ለድሆችና ለሕሙማን ማደሪያ ሠራ። ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን አኖረበት፤ ለእጅ ሥራም ቦታ አዘጋጀ። ስፍራው ከመስፋቱ የተነሣ ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ስለ እርሱ ሲናገር አዲስ ከተማ ብሎ ጠራው። ሥራው ያለ ተቃውሞ አልሄደም፤ በአገረ ገዥው ዘንድ ተከስሶ ቤት መሥራቱ ማንን እንደ ጎዳ በመጠየቅ በደብዳቤ ተሟግቷል። የሊቃውንቱ መጽሐፍ ተርጓሚ፣ የመነኮሳት ሥርዓት ደራሲ፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ማደሪያ ቤት አስተዳዳሪ ነበረ። ስለዚህ ይህ ሥራ ከክህነት በታች ነው ሊል የሚደፍር አይኖርም።

ሦስተኛው ከራሳችን ደጅ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ካህናት ብዙዎቻችሁ የአብነት ትምህርታችሁን የተማራችሁት በሰው አገር፣ በደብር ቅጥር ጥግ በተቀለሰች ጎጆ ነው። እኔም እንዲሁ ነኝ። አኩፋዳዬን አንግቼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ የለመንሁት ቁራሽ እንጀራ ነበር፤ ማደሪያ ግን አለመንሁም፤ ደብሩ ጎጆ መቀለሻ ቦታ ሰጥቶኛልና። ማንም ውጣ አላለኝም። ያች ጎጆ ባትኖር ኖሮ ዳዊት ባልደገምሁ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ለተማሪዋ ማደሪያ ስትሰጥ የኖረች እናት ናት፤ ስለዚህ ለሠራተኛው ቤተሰብ ማሰቧ አዲስ ትምህርት አይሆንባትም።

አሁን ወደ አስተዳደሩ ልምጣ። ፍቅር ብቻውን ቆርቆሮ አይለውጥምና።

ከታሪካችን ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን ብዙ ንብረት እንዳጣች ሁላችን እናውቃለን። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩ ቤቶች ለቀበሌዎች ተሰጡ፤ ኪራዩም ቀነሰ። ድሀው ቤቴ ብሎ የሚቀመጥበት ማግኘቱ እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ መሐል ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ያሳደገው በእነዚያ ቤቶች ነው። ኪራዩ ግን ለአሥርት ዓመታት ሳይለወጥ ስለ ኖረ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። ግድግዳው ዘመመ፤ መጸዳጃው ሞላ፤ ቤቱ በተከራዩ ላይ አረጀ። ይህ አንዱ ትምህርት ነው፦ ለጥገና የማይበቃ ኪራይ ቸርነት ይመስላል፤ በመጨረሻ ግን ድሀውን በፈረሰ ቤት ውስጥ ይተወዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ዛሬ በዓይናችን የምናየው ነው። በከተሞቻችን የግል ኪራይ ገበያው በሚፈቅደው ልክ ይወጣል። የጋራ መኖሪያ ቤት መርሐ ግብሩ ለብዙዎች ቤት ቢያስገኝም የተዘጋጀው በዋነኛነት ቤት ለሚገዛ ሰው ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ መቆጠብ ለማይችለው የቀን ሠራተኛ ሩቅ ነው። እርሱ በኪራይ ይኖራል፤ ኪራዩም በየጊዜው ይገፋዋል።

እንግዲህ የደብር ኪራይ ቤት በሁለቱ መካከል መቆም አለበት። ኪራዩ ወለል አለው፤ ወለሉ ቤቱን ለማቆም የሚያስፈልገው ወጪ ነው። ጣሪያም አለው፤ ጣሪያው ቤተሰቡ ሳይራብ ሊከፍል የሚችለው ነው። በብዙ አገር የቤቶች ባለሙያዎች አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው ከገቢው ከ30 በመቶ በላይ ባይከፍል ይመረጣል ይላሉ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ እንጻፋቸው። የምጠራው ቁጥር ለስሌት ማሳያ እንጂ የየትኛውም ደብር ሒሳብ አይደለም።

አንዱን ክፍል በደንብ ለማደስ 90,000 ብር ወጣ እንበል፤ እድሳቱም 15 ዓመት ያገለግላል። ይህ በዓመት 6,000 ብር ነው። ለየዓመቱ ጥገና 3,000 ብር፣ ለውኃ፣ ለጥበቃና ለመጸዳጃ ማስመጠጫ የክፍሉ ድርሻ 2,400 ብር እንጨምር። ድምሩ 11,400 ብር ይሆናል። ክፍሉ ባዶ ለሚሆንበትና ኪራይ ለሚዘገይበት ጊዜ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 1,140 ብር ስንጨምርበት 12,540 ብር፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1,045 ብር ነው። ወለሉ ይህ ነው።

አሁን ጣሪያውን እንይ። ባልና ሚስት ሁለቱም ሠርተው በወር 6,000 ብር ቢያገኙ 30 በመቶው 1,800 ብር ነው፤ ወለሉን ያለ ችግር ይሸፍናሉ። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት 3,000 ብር ብታገኝ ግን ጣሪያዋ 900 ብር ነው። በ900 እና በ1,045 መካከል 145 ብር ይጎድላል። እንዲህ ያሉ ስድስት ቤተሰቦች ቢኖሩ ጉድለቱ በወር 870 ብር ነው። እንግዲህ የሰበካ ጉባኤው ጥያቄ በጣም ጠባብ ሆነ ማለት ነው፦ በወር 870 ብር ከየት እናምጣ? መንገድ ዳር ያለ አንድ ሱቅ ይህን ይሸፍናል። ከሙዳየ ምጽዋት የተመደበ ጥቂት ገንዘብም ይሸፍናል። ችግሩን በቁጥር ስንጽፈው የማይቻል መስሎ የነበረው ነገር በአንድ ስብሰባ የሚወሰን ይሆናል።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው አሠራር ነው። በእኔ ተሞክሮ የሚያፈርሰው እርሱ ነውና አራት ነገር አሳስባለሁ።

የመጀመሪያው ውል ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መሠረት እንዲሆን ደንግጓል። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ያለ ደብር ከማንም አከራይ ቀድሞ ውሉን ያስመዝግብ። ቤተ ክርስቲያን በቃል ብቻ የምታከራይ ከሆነች ተከራዩን ለአስተዳዳሪው ፊት መለዋወጥ አሳልፋ ሰጥታዋለች። ሁለት ዓመት የጸና ውል ማለት ልጁ የትምህርት ዘመኑን በአንድ ትምህርት ቤት ይጨርሳል፣ እናቱም ከዕድሯ አትወጣም ማለት ነው።

ሁለተኛው የተጠባባቂዎች መዝገብ ነው። ክፍል ሲለቀቅ ማን ይግባ? መስፈርቱ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ገቢ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ በአካባቢው የሚሠሩ መሆናቸው፣ የምዝገባ ቀን። ዝርዝሩም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሰበካ ጉባኤ አባል ዘመዱ በተወዳደረበት ውሳኔ ላይ አይቀመጥ። ይህን የምለው ስለ ደረሰብን ነው፤ ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው የጥገና ሒሳብ ነው። ለጥገና የታሰበው ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ሒሳብ ሹሙና የቁጥጥር ክፍሉ በየሩብ ዓመቱ ይመርምሩት። ለበዓለ ንግሥ ዝግጅት ሲያጥር ከዚያ የሚበደር ደብር ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያፈስስ ጣሪያ ይኖረዋል።

አራተኛው መጸዳጃና በር ነው። ይህን በካህናት ጉባኤ ፊት ማንሣት ቀላል ቢመስልም እኅቶቻችንን ጠይቁአቸው። ከሌሊት ፈረቃ የምትመለስ ወጣት ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ መብራት ያለው ግቢ፣ ከወንዶቹ የተለየ መጸዳጃ ያስፈልጋታል። ኪራዩ ምንም ያህል ቢረክስ እነዚህ የሌሉት ቤት ቤት ሊባል አይገባውም።

አሁን ወደዚያ ደብር ልመለስና እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ያለ ነቀፋ አልተፈጸመም።

የጻፍሁትን ሰነድ ይዤ ወደ ጉባኤው ቀርቤ የሴቲቱን ጥያቄ ነገርኋቸው። ክርክሩ በሦስት ስብሰባ አላለቀም። አንድ የተከበሩ አባት «እኛ የምንተዳደረው በምእመናን ገንዘብ ነው፤ ርኅራኄ የሚሻ ከኪሱ ይስጥ» አሉ። ንግግራቸው ስሕተት ብቻ አልነበረም፤ የዲያቆናቱ ደመወዝ ሦስት ወር ዘግይቶ ነበርና። በመጨረሻ የደረስንበት ስምምነት መካከለኛ ነው። መንገድ ዳር ያሉት አራት ክፍሎች ፈርሰው አምስት ትናንሽ ሱቆች ተሠሩ፤ ከኋላ ያሉት 10 ክፍሎች ታደሱ፤ ሁለት መጸዳጃ ተጨመረ። የሱቆቹ ኪራይ የክፍሎቹን ጉድለት ይሸፍናል፤ የሚተርፈው ለደብሩ አገልግሎት ይውላል።

ገቢው መጀመሪያ በሰነዴ ከጻፍሁት በጣም ያንሳል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እስከ ዛሬ ጣሪያ አልለበሰም፤ ወጣቶቹ ባገኙኝ ቁጥር ያስታውሱኛል። ሁለት ተከራዮች ውዝፍ አለባቸው፤ የአንዱ ችግር ሕመም ነው፤ የሌላው ግን ግዴለሽነት ስለሆነ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ምሕረት ማለት ሒሳብ አለመያዝ አይደለምና። በመጀመሪያው ዓመት የተለቀቀው ክፍል ደግሞ ከመዝገቡ ውጭ ለአንድ የጉባኤ አባል የወንድም ልጅ ተሰጠ። ይህ የታወቀው ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ደፍራ በመጠየቋ ነው። ውሳኔው ተሽሯል፤ አባሉ ተቀይሞ ለቋል። እስካሁን አልታረቅንም። ከላይ የጠቀስሁት ሁለተኛው ማሳሰቢያ የመጣው ከዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝን ልናገር። ከፈረሱት አራት ክፍሎች ይኖሩ ከነበሩት ቤተሰቦች ሁለቱ በታደሱት ክፍሎች ገቡ፤ አንዱ ወደ አገሩ ተመለሰ። አራተኛዋ ከሕፃን ልጇ ጋር እድሳቱ እስኪያልቅ ለጊዜው ዘመድ ዘንድ እቆያለሁ ብላ ወጣች። ክፍሏ ሲዘጋጅ ፈለግናት፤ ስልኳ አይሠራም፤ በእርሻው ጠየቅን፤ ሥራ ለቅቃለች አሉን። ስሟ በሰበካው መዝገብ አለ። እርሷ ግን የለችም። ለእድሳቱ ጊዜ የሚሆን አንድ ማቆያ ክፍል በሰነዱ ውስጥ ብጽፍ ኖሮ ወጪው ከአንድ ሱቅ የሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም ነበር። ያን አልጻፍሁም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት እናንተ ስትጽፉ እንዳትረሱት ነው።

ጥያቄ ያቀረበችልኝ እናት ከታደሱት ክፍሎች በአንዱ ትኖራለች። ትልቁ ልጇ ዘንድሮ ፊደል ቆጥሮ ከካህኑ ዘንድ ንባብ ጀምሯል። ከዚህ በላይ ስለ እርሷ አልናገርም፤ ሕይወቷ የእርሷ ነውና።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ «ደብራችን የኪራይ ቤት የለውም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ለእናንተም ሥራ አለ። በየሰበካችን ሰርቪስ ቤታቸውን፣ ትርፍ ክፍላቸውን የሚያከራዩ ብዙ ምእመናን አሉ። ከእነርሱም የሚበዙት ራሳቸው ጡረተኞችና መበለቶች ናቸው፤ ኑሮአቸው በዚያች ኪራይ የተደገፈ ነው። እነርሱን ከዐውደ ምሕረት መገሠጽ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን የንስሐ አባት ለልጁ ስለ ጾምና ጸሎት እንደሚጠይቅ «ተከራይህን እንዴት ይዘኸዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይከለክለዋል? የሰበካ ጉባኤው የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ቤት ፈላጊውንና አከራዩን ያለ ደላላ ቢያገናኝ፣ ለጽሑፍ ውል የሚሆን ናሙና ቢያዘጋጅ፣ በተጣሉ ጊዜ ቢያስታርቅ ወጪው ወረቀት ብቻ ነው። በቆላው በኩል ያላችሁ አድባራት ደግሞ ለወቅት ሠራተኛው በደጀ ሰላማችሁ አጠገብ ክዳን ያለው ማደሪያ ብታሰናዱ፣ አጎበር ብታቆዩ፣ ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ ብትልኩት፣ የአንድን እናት ልጅ በሕይወት ወደ ደጋው ትመልሳላችሁ።

ስለዚህ ወደየደብራችሁ ስትመለሱ እስከሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ቁጠሩ። በሰበካችሁ ስንት ቤተሰብ በኪራይ ይኖራል? ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንቱ ቤት ለወጠ? ደብሩ ያሉት ክፍሎች ስንት ናቸው፤ የሚኖርባቸውስ ማን ነው? ቁጥሩን ሰንበቴው፣ ዕድሩና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች በአንድ ወር ሊሰበስቡት ይችላሉ። ሲቆጥሩ ግን እኔ በመጀመሪያው ቀን እንዳደረግሁት ስምና ኪራይ ብቻ ጽፈው አይውጡ፤ ጥቂት ይቀመጡ፤ የቤቱ እናት የምትጠይቀውንም ይስሙ።

ጌታችን በቤተ ልሔም በተወለደ ጊዜ እናቱ ማደሪያ አጥታ ነበር። በየዓመቱ በልደት በዓል ይህን እንዘምራለን። ዛሬም በደጃችን ቤት የምትፈልግ እናት ስትመጣ የምንሰጣት መልስ ከመዝሙራችን ጋር የሚስማማ እንዲሆን አምላከ ቅዱስ ባስልዮስ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።